የእማማ አሰፋሽ የአንገት ብር

ይሄ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ያላመነ ልደታ ኮንዶሚኒየም ይምጣና እኔን ይጠይቀኝ። ነገሩ ከደረሰባቸው ሰዎች ሥር ነው የምኖረው፤ የእኔ ኮርኒስ የእነሱ ወለል ነው።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ግቢው ውስጥ ልብስ ተሰጥቶ፣ ልጆች ኳስ እየተራገጡ...

ሰውየው ፍሬምናጦስ ይባላል። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋል። ለሁሉም ነገር አንቀጽ አለው። "ደረጃው ላይ ውሃ ደፋህ" ብትሉት እንኳ ሕግ ጠቅሶ ነው የሚመልስላችሁ።

ሚስቱ ወይንሀረግ ብዙ ዓመት ልጅ አጥታ ኖራለች። እናቷ እማማ አሰፋሽ ከአያታቸው የወረሷት ትልቅ ብር ነበረቻቸው፣ ከአንገታቸው የማትለይ። ሁላችንም "ማርትሬዛቸው" ነበር የምንላት። አንድ ቀን ብሯን ጨብጠው፣ "ልደታ ማርያም፣ ለልጄ ልጅ ብትሰጪልኝ ይቺን አስገባልሻለሁ" ብለው ተሳሉ።

ሰናይ ተወለደ።

እማማ አሰፋሽ ግን ስለታቸውን ሳያደርሱ ሞቱ።

የግንቦት ልደታ ሲደርስ ወይንሀረግ ብሯን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

"ፈትተሽ አስቀምጫት" አላት ፍሬምናጦስ።

"የእናቴ ስለት ናት እኮ።"

"የተሳሉት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ደግሞ አርፈዋል። መዝገቡ ተዘግቷል።"

"አሁን ከማርያም ጋር ልትከራከር ነው?"

"ጥላ እንሰጣታለን። በዚህ ፀሐይ ጥላ ነው የሚሻላት።"

ጥላ ወሰዱ። ቆንጆ ጥላ ነው፣ አይካድም፤ ዙሪያውን ዘርፍ አለው። እኔም እልል ብያለሁ።

ብሯን ለምን እንዳስቀራት ልንገራችሁ? ሰው ሲጠይቀው "ለልጁ ነው" ይላል። ለሶፋ ነው። ኤል ሼፕ ሶፋ።

የድሮ ብር ለሚገዛ ገመቺስ ለሚባል ልጅ በስልክ ፎቶ ላከለት። ገመቺስ ወዲያው ደወለ።

"ጋሼ፣ ይሄ ማርትሬዛ አይደለም። ማርትሬዛ ላይ ያለችው ንግሥት ናት። እዚህ ላይ ያለችው ማርያም ናት፣ ልጇን ታቅፋ። እስቲ ይገልብጡት... ፀጉሩ የተጠቀለለ ሰውዬ አለ?"

"አለ።"

"የጀርመን ነው፣ የጥንት። ማርትሬዛ የሚሸጠው በሚዛን ነው፤ ይሄ ግን በመልኩ ነው። ብቻ ፎቶው ተንቀሳቅሶብዎታል። ድጋሚ ያንሱት።"

ፍሬምናጦስ ብሯን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠ። ክርኑን አስደግፎ፣ ትንፋሹን ይዞ አነሳ።

"አሁንም ተንቀሳቅሷል" አለ ገመቺስ።

"እጄ ንቅንቅ አላለም!"

"አዎ... እናትየዋ ጥርት ብላለች። ጽሑፉም ይነበባል። ልጁ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።"

ፍሬምናጦስ ሳቀ። ገመቺስ አልሳቀም።

"ዋጋው ያለው ሕፃኑ ፊት ላይ ነው፣ ጋሼ። ራሴ መጥቼ አየዋለሁ። ብቻ እንዳያጥቡት! የታጠበ ብር ገዢ የለውም።"

አሁን ማን ነው ገዢ ሊመጣ የጠቆረ ብር የሚያቀርበው? እኛ ዘንድ ብር ጠቆረ ከተባለ አመድና ሎሚ ነው። የአንገት መስቀላችንን በዚያ አይደል የምናጸዳው?

ያን ቅዳሜ ወጥ ቤት ገብቶ ሎሚ ቆረጠ። ከከሰል ማንደጃው አመድ ዘገነ። ብሯን ከመሳቢያ ሲያወጣት...

ሞቃለች።

ጥላ ቦታ ተቀምጣ፣ እንደ ብብት ሞቃለች።

"የአየሩ ሙቀት ነው" አለ ለራሱ። አመዱን ነሰነሰና ብሯ ላይ ያለውን ሕፃን በሎሚው አሸት አደረገው።

መኝታ ቤት ሰናይ ጮኸ።

ፍሬምናጦስ እጁን ገታ። ሰናይም ዝም አለ።

አሸት... ጩኸት።

ገታ... ዝም።

ታች ሆኜ ይሰማኛል። "ይሄ ልጅ ዛሬ ምን ሆኗል? እንደ ራዲዮ ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል" አልኩ።

"ፍሬ!" አለች ወይንሀረግ ከውስጥ። "ፊቱን ይዞ ነው የሚጮኸው... ና እየው!"

"መጣሁ።"

"እኔ ምንም አላደረግሁትም እኮ!"

"መጣሁ አልኩሽ!"

አልሄደም። ኋላ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ሲነግረኝ፣ "ገብቶኝ ነበር" ነው ያለኝ። ግን ብሯ ላይ፣ ሕፃኑ አፍ ዘንድ፣ ትንሽ ጥቁር ቀርታለች። ትንሽ ብቻ... ዋጋው ደግሞ ያለው ፊቱ ላይ ነው።

በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ አሸው።

ጩኸቱ መሃል ላይ ተቆረጠ። እንደ ክር።

ውሃ አፍስሶባት አያት። ብሯ ታበራለች። ማርያም አለች። በዙሪያዋ ጨረሩም፣ ከሥሯ ደመናውም አለ። ክንዷ ግን...

ባዶ ነው። ልስልስ ያለ ባዶ።

ብሯም ቀዝቅዛለች።

መኝታ ቤት ሮጠ። ሰናይ እናቱ ክንድ ላይ ነው። አፉን ከፍቶ ያለቅሳል። እንባው ይወርዳል፣ የአንገቱ ደም ሥር ተገትሯል...

ድምፅ የለም።

ወይንሀረግ የልጁን አፍ አሸተተች።

"ሎሚ..." አለች በሹክሹክታ። "ሎሚ ነው የሚሸተው። ማን ሰጠው?"

ሐኪሞች አዩት። ጉሮሮው ደህና ነው፣ ምንም የለበትም አሉ። ገመቺስም እንዳለው መጣ። ብሯን አገላብጦ አየና ቶሎ ብሎ ጠረጴዛው ላይ መለሳት።

"አሁንማ በሚዛን ነው፣ ጋሼ" ብሎ ወጣ።

ፍሬምናጦስ ብሯን ይዞ ልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሮጠው ያን ጊዜ ነው። እዚያ ከብረት የተሠራ የምጽዋት ሣጥን አለ፤ በቀዳዳው ከተታት። ብር ብረት ላይ ሲወድቅ ይጮኻል አይደል? እሷ አልጮኸችም።

ሰናይ ዛሬም ድምፅ የለውም። ወይንሀረግ እንቅልፍ የላትም፤ ሲያለቅስ አትሰማውማ። ሶፋውም አልተገዛም።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከወይንሀረግ ጋር በሣጥኑ በኩል አለፍን። ሰናይ ጀርባዋ ላይ ታዝሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ በዝምታ ያለቅሳል።

ወይንሀረግ ቀጥ አለች።

"ሰማሽ?"

"ምኑን?"

ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ቀዳዳው ላይ አደረገች። ከዚያ መዳፏን ሣጥኑ ላይ አሳርፋ፣ ቀስ... ቀስ አድርጋ ቸብ ቸብ ታደርገው ጀመር።

"እሹሩሩ... እሹሩሩ የእኔ ልጅ..."

ጀርባዋ ላይ ሰናይ አፉን ዘጋ።