በማይክሮስኮፑ ውስጥ ያየሁት ማሳ

እኔ በጥላ በምናምን የምደነግጥ ልጅ አይደለሁም፣ ንፋስ መውጫ አብረውኝ የተማሩትን ጠይቁ፣ ሲመሻሽ በመቃብሩ በኩል ብቻዬን የማልፍ እኔ ነበርኩ። ይህን ግን በዓይኔ ነው ያየሁት፣ እመኑኝ።

ለትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ በውሰት መጥቶልን ነበር፣ መብራት ስለሌለን መስኮቱ ላይ አስቀምጠን ከሥሩ ያለችውን ክብ መስታወት ወደ ፀሐይ እናዞራለን፣ ብርሃኑ ወደ ላይ ወጥቶ ቀጭን የብርጭቆ ቁራጭ ላይ የተነጠፈውን የሽንኩርት ልጣጭ ያሳያል። ሁሉም አዩ። እኔ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ጨለማ ብቻ። ልጆቹ «ዛሬስ ነጋልሽ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር፣ አሁን ያ ሳቅ ራሱ ይናፍቀኛል፣ ያኔ ግን ያሳርረኝ ነበር፣ ምክንያቱም አባቴ መሪጌታ ናቸው፣ ብራና ሲጽፉ ኖረው ዓይናቸው ደክሟል፣ የእኔን ሲሰሙ «የኔው ዓይን ነው የወጣላት፣ ይህን ካላየች ከትምህርቱ ትቅር፣ የቀረ ዓይኗን አትጨርሰው» ብለዋል።

ማይክሮስኮፑ በሚመለስበት በመጨረሻው ቀን፣ የሚያስተምሩን መምህር በላይ ወደ ጓዳ ሲገቡ ልጣጩ ያለበት ብርጭቆ እንዳለ ነው ብዬ ሮጬ ጎንበስ አልኩ። መጀመሪያ ገለባ ሲረገጥ የመሰለ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ውስጡ ቀስ እያለ በራ። ከተራራ ቁልቁል የሚታይ የገብስ ማሳ ነው የሚመስለው፣ ድንበር በድንበር የተያያዘ፣ ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ። አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ከማሳ ማሳ ትሻገራለች፣ በተሻገረች ቁጥር ያ የገለባ ድምፅ።

«አየሁት መምህር» አልኩ ቀና ሳልል።

መምህሩ ሁልጊዜ ከሰልፋችን ኋላ ነበር የሚቆሙት፣ ከጓዳ ሲወጡ ከጎን ያዩኝ ያን ቀን ገና ነው፣ ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ የተከናነብሽው ነጠላ እኮ መስታወቱን ሸፍኖታል። እስከ ዛሬ ብርሃኑን የከለልሽው ራስሽ ነሽ።»

ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «ታዲያ አሁን ምኑን አየሽ?» አሉኝ። የልጣጩ ብርጭቆ እጃቸው ላይ ነበር፣ ታጥቦ ውሃው ይንጠባጠባል።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለአባቴ ነገርኳቸው። «ዓይንሽስ ደህና ነው፣ ትምህርትሽን ቀጥይ» አሉ፣ ቆየት ብለው ግን «ነጥቧ ወዴት ነበር የምትሄደው?» ብለው ጠየቁኝ። እንጃ አልኳቸው።

ይኸው ዛሬ ደብረ ታቦር እማራለሁ፣ ማይክሮስኮፕ ፊት ስቀርብ ነጠላዬን አስቀድሜ አወልቃለሁ፣ ያ መስኮትና የልጆቹ ሳቅ ትዝ ይለኛል፣ ጎንበስ ከማለቴ በፊት ግን ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ። ለአባቴ ያልነገርኳቸውን ለእናንተ ልንገራችሁ፣ ነጥቧ ወደ ዓይኔ ነበር የምትመጣው።