የተክለ ሁለት እጆች

በ፲፱፻፸፩ ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ውስጥ፣ በአንድ ረቡዕ ቀን፣ መካኒኩ ተክለ ለንደን ውስጥ ስቶክዌል በሚገኘው ወርክሾፑ ሞቶ ተገኘ። በእጅ እየዞረ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጭ ጄኔሬተር ፊት ተቀምጦ፣ የመሣሪያውን ሁለት የናስ ዘንጎች በሁለት መዳፉ እንደ ጨበጠ፣ ዐይኖቹ ተከድነው ነበር። ፖሊሶቹ «ልቡ ደካማ መሆኑን እያወቀ በኤሌክትሪክ ራሱን አጠፋ» ብለው መዝገቡን ዘጉ።

«ራሱን ካጠፋ ፍትሐት የለውም ተባልሁ» ስትል ሚስቱ ጸዳለ አለቀሰች። ቀብሩ ነገ ነው።

በአስመራ ሃያ ዓመት ወንጀል የመረመሩት መቶ አለቃ ዑቕባይ ሦስት ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ ተመላለሱ፤ የሚሰማቸው ግን አጡ። እየበገኑ ከጸዳለ ጋር ወደ ወርክሾፑ መጡ።

«ሬሳውን ያገኘሁት እኔ ነኝ» አላቸው የተክለ ተከራይ ብርሃኑ። «ከሩቅ አይቼ ጮኼ ሮጥሁ፤ አልነካሁትም።»

ለለቅሶ የመጣው የተክለ የሥራ ባልደረባ ኪዳኔ ግን ቆጣ አለ። «ከገና ወዲህ ተኳርፈናል፤ እስከ ዛሬ እዚህ ደጅ አልረገጥሁም። ምን ያመራምራል? በዘነዘና የሚዞር አሻንጉሊት ነው፤ ራሱ አዙሮ ራሱ ሞተ!»

መቶ አለቃው ጠረጴዛውን አተኩረው አዩ። ሁለት መሣሪያዎች አሉ። በአሮጌው ከባዱ ማግኔት ራሱ ይሽከረከራል፤ ጉልበት ይፈጃል። በአዲሱ ማግኔቱ ቆሞ ቀላሉ የሽቦ ጥቅል ይዞራል፤ ኃይሉም ብርቱ ነው። ተክለ የሞተበት የአዲሱ መዘውር እጀታ እንጨት ነው።

«ይህ እንጨት ከየት መጣ፣ ልጄ?»

«ዘነዘናዬን ቆርጦ ነው፤ ማክሰኞ ማታ» አለች ጸዳለ። «አፍሬ ለማንም አልተናገርሁም።»

መቶ አለቃው የደብሩን ካህን ቄስ ጋሻውን አስጠርተው ሁሉንም ሰበሰቡ።

«ይህ መሣሪያ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሲዞር ብቻ ነው። የተክለ ሁለት እጆች ዘንጎቹን ከያዙ፣ መዘውሩን ማን አዞረ? ሌላ ሰው። ብርሃኑ ሬሳውን አልነካም፤ ዐይኖቹን ማን ከደነ? የሞተ ሰው ዐይን ተገልጦ እንዲቀር ሕሊናው ያልፈቀደለት፣ የእኛው ሰው። ከገና ወዲህ እዚህ ያልመጣ ሰውስ ማክሰኞ ማታ የተገጠመውን ዘነዘና በምን ዐወቀ? ኪዳኔ!»

ኪዳኔ በቁጣ ፈነዳ። «ማግኔቱ ይቁም፣ ጥቅሉ ይዙር ያልሁት እኔ ነኝ! በራሱ ስም ለኤግዚቢሽን ሊያቀርበው ነበር! ልፈትነው፣ ዘንጎቹን ያዝልኝ አልሁት፤ ያዘ። ‹ልቤን!› አለ፤ እኔ ‹የኪዳኔ ነው በል› እያልሁ አዞርሁ።»

መቶ አለቃው መሣሪያውን ገለበጡት። ከሥሩ በተክለ እጅ የተቀረጸ ጽሑፍ ነበር፦ «ሐሳቡ የኪዳኔ፣ ሥራው የተክለ»።

ኪዳኔ አነበበው።

ቄስ ጋሻው ወደ ጸዳለ ዞረው፣ «ነገ ፍትሐቱን እኔ አደርሳለሁ» አሉ፤ መጽሐፈ ግንዘታቸውንም ከማኅደሩ አወጡ።