አሥራ አንድ ጆንያ የታጠበ ላስቲክ

የፕላስቲክ ፋብሪካው ሹፌር ከጆንያው አንድ የብስኩት ላስቲክ አውጥቶ ጫፉን በጥፍሩ ፈለቀቀው።

«አየሽ እህቴ፣ ውስጡ ብርማ፣ መሃሉ ላስቲክ፣ ላዩ ቀለም ነው። ሦስቱ ተጣብቀዋል፤ የሚለያያቸው የለም። እኛ የምንወስደው ጠርሙስና ጀሪካን ነው።»

«ታጥቧል እኮ!» አለች የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሰብሳቢ የሆነችው ተማሪ። «አንድ ፍርፋሪ የለበትም!»

«ቢታጠብም ያው ነው።» ክፉ ሰው አልነበረም። ዓይኗን ላለማየት ላስቲኩን አጣጥፎ ወደ ጆንያው መለሰና ባዶ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

አሥራ አንዱ ጆንያ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር እንደተደረደረ ቀረ። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ክፍል ለክፍል እየዞረች «ላስቲክ አምጡ፣ ፋብሪካ ሲያቀልጠው ለትንንሾቹ ወንበር ይሆናል» ያለችው ልጅቷ ራሷ ነበረች። ፋብሪካው ይቀበል እንደሆነ ግን ቀድማ አልጠየቀችም። ከሁሉ በላይ ያመነቻት የሰባት ዓመት እህቷ ናት። ትንሿ በየቀኑ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብላ የቺፕሱን፣ የከረሜላውን፣ የሳሙናውን ላስቲክ አንድ በአንድ ስታጥብ ያየች እናታቸው «የላስቲክ ሐኪም» የሚል ስም አውጥታላታለች።

የክበቡ መምህር ትከሻዋን ያዝ አደረጉ። «አይዞሽ። ቅዳሜ ልጆቹ በሌሉበት ዘበኛው ያቃጥለዋል። ተወሰደ እንላቸዋለን። ለምን ልባቸውን እንሰብራለን?»

«ወንበሩስ ቲቸር?»

«ይረሱታል የኔ ልጅ። ልጆች አይደሉ?»

«እሺ» አለች። ለጊዜው ቀለል አላት።

ቤት ስትደርስ ትንሿ እጅጌዋን ሰብስባ እያጠበች ነበር። «ወሰዱት አይደል? የኔ ወንበር ቀይ ይሁን ብለሽ ነገርሻቸው?»

ታላቋ አፏን ከፈተች። ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አልወጣ አላት።

«አልወሰዱትም የኔ ቆንጆ። አይሆንም አሉ።»

ትንሿ እርጥቡን ላስቲክ ወደ ብርሃኑ አንስታ አገላብጣ አየችው። «በደንብ አላጠብኩትም?»

«አጥበሽዋል! አንቺ ምንም አላጠፋሽም። መጀመሪያውኑ ሲሠራ ሊጣል ነው የተሠራው።»

«ታዲያ ለምን ይሠሩታል?»

ትንሿ አልጮኸችም። እጇን ሳፋው ውስጥ እንደነከረች፣ እንባዋ ጠብ ጠብ እያለ ከሳሙናው አረፋ ጋር ይቀላቀል ጀመር። ታላቋ አጠገቧ ተቀምጣ በውሃ የተጨማደዱትን ጣቶቿን አንድ በአንድ አደረቀችላት።

«ነገ ጠዋት ሰልፍ ላይ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ።»

«ይስቁብሻል።»

«ይሳቁ።»

ትንሿ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። «አብሬሽ ልቁም?»