የተዘለሉት የሸሚዝ ቁልፎች

ፖሊስ ያሰረው የተሳሳተ ሰው ነበር። ስህተቱ የመጣው ከአንድ መዳፍ ነው። አዛዡ ጎንበስ ብሎ የአስከሬኑን አንገት ነካ፣ ሞቆ አገኘው፣ «ገና አሁን ነው የሞተው» አለ። ከዚያ በኋላ ማንም ለማሰብ አልደከመም።

ሟቹ የላውንደሪ ቤት ባለቤት ነው። ረፋድ ላይ፣ ከፎቁ መኖሪያ ወደ ሥራ ቤቱ በሚያወርደው የሲሚንቶ ደረጃ ግርጌ፣ ግንባሩ ተሰንጥቆ በሆዱ ተደፍቶ ተገኘ። ሚስቱ፣ እዚያው የሚኖረው ታናሽ ወንድሙና ከመጀመሪያ ትዳሩ የወለዳት ልጁ በማለዳ የሆቴል አንሶላ ለማድረስ በአንድ መኪና አብረው ወጥተው ነበር፤ ሬሳውን ያገኙትም ሲመለሱ ነው። እነሱ ከወጡ በኋላ በመንገዱ በር ወደ ካውያ ቤቱ ገብቶ ሥራ የጀመረው ካውያ ተኳሹ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በዋዜማው ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። አዛዡ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ሰውየውን ካውያው ሳይበርድ በካቴና አስሮ ወሰደው።

አስከሬኑ እኩለ ቀን ላይ ምርመራ ክፍል ገባ። መርማሪዋ ሐኪም የሥራ ባልደረቦቿ «ቢላዋ» የሚሏት ናት፤ ስሙን ያገኘችው ከመሣሪያዋ ሳይሆን ከምላሷ ነው።

«ዶክተር፣ ነገሩ ግልጽ ነው» አለ አዛዡ ከበሩ። «ከደረጃ ተገፍቶ ነው። አንድ መስመር ጻፊልኝና ልሂድ። ተጠርጣሪውን ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

«ከብርሃኑ ዞር በል።»

ሟቹ ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ሐኪሟ ጓንቷን ሳታጠልቅ ዝም ብላ አየችው። አንገትጌው ወፍራሙን አንገት አንቆ ተቆልፏል። ሁለተኛው ቁልፍ ክፍት ነው። ሦስተኛው ተቆልፏል፤ አራተኛው ክፍት፤ አምስተኛው ተቆልፏል።

«ልብሱን ማን ነካው?»

«ማንም። እንደተገኘ ነው ያመጣነው።»

ፎቶ አነሳችና ሸሚዙን አወለቀች። እጆቹ ያለ ምንም ችግር ከእጅጌው ወጡ። ይህ ነገር አላስደሰታትም። መንጋጋውን ሞከረች፤ አይነቃነቅም። ጣቶቹ፣ ጉልበቶቹ፣ ቁርጭምጭሚቶቹ እንደ ጣውላ ደርቀዋል። ትከሻውና ክርኑ ግን ልል ናቸው።

«ይህን እየው።»

«እጁ ነው። ምን አለው?»

«ሰው ሲሞት መጀመሪያ ይላላል። ከዚያ ከመንጋጋው ጀምሮ ወደ ታች ይደርቃል፤ ሲለቅም በዚያው ቅደም ተከተል ነው። ከላይ ደርቆ፣ ከታች ደርቆ፣ መሃሉ ብቻ የላላ አስከሬን ተፈጥሮ አይሠራም። አንድ ሰው በጉልበት አጥፎታል። ከደረቀ በኋላ በጉልበት የታጠፈ መገጣጠሚያ ተመልሶ አይደርቅም።»

አገላበጠችው። ጀርባው ወይን ጠጅ መስሏል፤ በቀለሙ ላይ ግን ነጫጭ አግድም መስመሮች እንደ መስኮት ፍርግርግ ተደርድረዋል። አውራ ጣቷን ጫን አድርጋ አነሳች። ቀለሙ አልሸሸም።

«በሆዱ ተደፍቶ ነው ያገኛችሁት?»

«አዎ።»

«ደሙ ታዲያ ሽቅብ ወጥቶ ነው ጀርባው ላይ የተከማቸው?»

አዛዡ ጎንበስ ብሎ መስመሮቹን አየ።

«ልብ ሲቆም ደም እንደ ማንኛውም ፈሳሽ ወደ ታች ይወርዳል። ቀለሙ ስጫነው የማይለቀው ብዙ ሰዓት በጀርባው ስለተኛ ነው። መስመሮቹ ደግሞ የተኛበት ነገር ተጭኖ ደም ያልደረሰባቸው ናቸው። ሲሚንቶ እንዲህ ዓይነት ምልክት አይተውም።» ወደ ግንባሩ ዞረች። «ይህ ቁስል ጠርዙ ሸካራ ነው፣ መሃሉ ላይ የሥጋ ክሮች ሳይበጠሱ ቀርተዋል። በስለት አልተቆረጠም፤ ከደረጃ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ነው። ግን እብጠት የለውም፣ ሥጋው ውስጥ የሰረገ ደም የለም። በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ አይቆስልም።»

የዐይኑን ቆብ ገለበጠች፤ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ታዩ። የታችኛው ከንፈሩ ውስጡ በራሱ ጥርስ ተሰንጥቋል፤ ይሄኛው ቁስል ደም አዝሏል። ከጥፍሮቹ ሥር ቆዳ ለቀመች።

«ታፍኖ ነው የሞተው።»

«እሺ፤ ካውያ ተኳሹ አፈነው።»

«መቼ?»

«ጠዋት ነዋ! ሞቆ ነበር እኮ!»

«እጅህ ቴርሞሜትር መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ሰውየው ሌሊቱን የት ነበር?»

«እናቱ ሆስፒታል ተኝታለች፣ እዚያ አድሯል። ነርሶቹ መስክረውለታል። ግን ምን ይጠቅመዋል? ሟቹ በማለዳ በሕይወት ነበር፤ ሦስቱም ዳናውን ሰምተዋል።»

«ዳና ሰምተዋል እንጂ ሰው አላዩም። ና፣ ተነስ።»

ላውንደሪ ቤቱ ውስጥ ሚስትየው የደንበኛ መቀበያው ጋ ቆማ የተመላሽ ልብስ መስቀያዎችን ትለያለች። ሐዘን ላይ ያለች አትመስልም፤ ከሰው ሁሉ የተጣላች ትመስላለች።

«ገዳዩ ተይዟል፤ ደግሞ እናንተ ምን ቀራችሁ?» አለች።

«ባለቤትዎን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ማታ። እሱ ያንኮራፋል፣ እኔ ሌላ ክፍል ነው የምተኛው። ጠዋት ደረጃው ላይ ሲረግጥ ሰምቻለሁ። ከባድ ነው አረማመዱ።»

«ሸሚዝ ሲለብሱ አንገትጌያቸውን ይቆልፋሉ?»

«እሱ? በሠርጉ ቀን እንኳ ያለ ጠብ አልቆለፈም።»

ሐኪሟ ከቁልሉ አንድ ሸሚዝ አንስታ ሰጠቻት። «እባክዎ ይህን ይቆልፉልኝ።»

«አገልጋይሽ መሰልኩሽ?» አለች ሴትየዋ፤ ሆኖም ከታች ጀምራ እያንዳንዱን ቁልፍ ቆለፈችና ሸሚዙን መደርደሪያው ላይ ወረወረችው።

ልጅየዋ ፎቁ ላይ የአባቷን ቁም ሣጥን ትበረብራለች። የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት፤ ማታ መጥታ እዚሁ አድራለች፣ ጠዋት አጎቷ ሰው ስላነሰው ጭነት ልታግዝ ወጣች።

«ያ ካውያ ተኳሽ ይሰቀል። ሌላ የምለው የለኝም» አለች።

«ላውንደሪው ውስጥ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

«እግሬን አላነሳም። አባቴ ያስተማረኝ እዚህ እንዳልገባ ነው።» ሸሚዙ ሲዘረጋላት እንኳ አልነካችውም። «ጨዋታ አማረሽ? እንጀራ እናቴን አጫውቺ።»

ሐኪሟ ወደ ማድረቂያው ክፍል ወረደች። በሩን ስትከፍት ሙቀቱ ፊቷን ገፋው። በግድግዳው ዙሪያ ልብስ የሚዘረጋበት ሰፋፊ የእንጨት ርብራብ አለ። በአንዱ ጣውላ ላይ ሜትሯን አሳረፈች፤ ቀጥሎ የክፍተቱን ስፋት ለካች። አዛዡ አንገቱን አስግጎ አየና የጀርባውን ፎቶ ከኪሱ አወጣ። መስመሮቹ ገጠሙ።

«ማብሪያው የት ነው?» አለች ከኋላዋ ለመጣው ሰው።

«በሩ አጠገብ። ሁላችንም እናበራዋለን» አለ የሟቹ ወንድም። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ላብ ያጠመቀው ሰው ነው። በዚያ ሁሉ ሙቀት የሁለቱንም እጅጌ ቁልፍ እስከ አንጓው ዘግቶ ነበር። «ሬሳ ስትበልቺ መዋል አይሰለችሽም? ባል የለሽም?»

«ሥራዎ እዚህ ምንድን ነው?»

«ቦይለር አቀጣጥላለሁ፣ መኪና እነዳለሁ፣ አጥፋለሁ። ከኔ ሌላ ልብስ የሚያጥፍ እዚህ ቤት የለም።»

«ይህን ይያዙልኝ» ብላ ሸሚዙን አቀበለችው። «ካውያ ተኳሹ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ምን ዓይነት ይሆናል? ከመንገድ ያነሳነው ነው። ወንድሜ አጉል አቀረበው። የሰው ዘር እንደሆነ እንጃ፣ ሳቅ አያውቅም፣ ሰላምታ አያውቅም…» ምላሱ ሲሳደብ እጆቹ የራሳቸውን ሥራ ይሠሩ ነበር። አንገትጌውን ቆለፉ፤ ሁለተኛውን ዘለሉ፤ ሦስተኛውን ቆለፉ፤ አራተኛውን ዘለሉ፤ አምስተኛውን ቆለፉ። ከዚያ ሸሚዙን በደረቱ ገልብጠው አጠፉት። ሰውየው ቁልቁል አላየም።

«አመሰግናለሁ» አለች ሐኪሟ።

ወደ ማምሻው ሁሉም ካውያ ቤት ተሰበሰቡ። ካውያ ተኳሹ በካቴና ታስሮ በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆሟል። ልጅየዋ ስታየው ፊቷን አዞረች።

«ይህን ሰው እዚህ ድረስ ምን አመጣው?» አለች።

«ሊሰማ ነው» አለች ሐኪሟ። «እናንተም ስሙ፤ ሁለቴ አልናገርም። ባለቤቱ የሞተው ማታ ነው፤ ፊቱ ላይ ለስላሳ ነገር ተጭኖበት ታፈነ። ገዳዩ ሬሳ እንደሚቀዘቅዝ ያውቃል፤ ይህን ማንም ያውቃል። ስለዚህ ማድረቂያውን አበራና ርብራቡ ላይ በጀርባው አስተኛው። በሞቀ ክፍል ያደረ ሬሳ ጠዋት ቢነኩት ገና የሞተ ይመስላል። አዛዣችንም መስሎታል።»

አዛዡ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያላወቀው ሌላ ነገር ነው። ሙቀት ሬሳን ቶሎ ያደርቃል። በማለዳ ሊያነሳው ሲመጣ ጣውላ ሆኖ ጠበቀው። ሟቹ ደግሞ የሌሊት ልብስ ነበር የለበሰው፤ ሥራ ሊወርድ ሲል የሞተ እንዲመስል ሸሚዝ ያስፈልገዋል። የደረቀ እጅ እጅጌ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ትከሻውንና ክርኑን በጉልበት አጠፈው። አለበሰው፣ ተሸክሞት በደረጃው ወጣ፣ እናንተ በውጭው ደረጃ ወደ መኪናው ስትወርዱ ከላይ ለቀቀው። እናንተ የሰማችሁት ከባድ አረማመድ ሟቹ አይደለም። ሟቹን የተሸከመው ሰው ነው።»

ሚስትየው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ካውያ ተኳሹ ማታ እናቱ አልጋ አጠገብ ነበር» ቀጠለች ሐኪሟ፣ «ጠዋት የገባው እናንተ ከወጣችሁ በኋላ ነው። እስክትመለሱ ባለው ጊዜ ሰው ገድሎ፣ ጀርባው ላይ ደም አርግቶ፣ አድርቆ፣ አልብሶ ሊጨርስ አይችልም። ምድጃ ውስጥ ቢከተው እንኳ አይችልም። ስለዚህ ማታ እዚህ ያደራችሁ ሦስታችሁ ትቀራላችሁ።»

«እኔን ነው?» አለች ልጅየዋ። «የገዛ አባቴን? ይቺን ጠይቂያት እንጂ!»

«ምላስሽን ሰብስቢ!» አለች እንጀራ እናቷ። «ማታ አናቱ ላይ ወጥተሽ ስትጮሂበት የነበርሽው አንቺ ነሽ!»

«ዝም በሉ። ሸሚዙ ነግሮኛል። ለራሱ የሚለብስ ሰው ቁልፍ አይዘልም። የሚዘለው ለደንበኛ የሚያጥፍ ሰው ነው፤ አንገትጌው ቅርጹን እንዲይዝ ይቆለፋል፣ ከዚያ አንድ እየተዘለለ። ሟቹ ተጣጥፎ ሊላክ እንደተዘጋጀ ልብስ ነበር የተቆለፈው። እዚህ ቤት የሚያጥፈው አንድ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ወንድምየው ዞሩ። እሱ ሳቀ።

«በሸሚዝ ልታስሪኝ? በየከተማው ያለ አጣፊ እንዲህ ይቆልፋል!»

«ልክ ነው። በየከተማው ያለ አጣፊ ግን ትናንት ማታ እዚህ አልነበረም። እጅጌዎን ይሰብስቡ።»

«አልሰበስብም።»

«ከቦይለር አጠገብ ሆነው አንጓዎ ድረስ ለምን ቆለፉት? ከሟቹ ጥፍር ሥር የሰው ቆዳ አለ። የቆዳውን ባለቤት አሁን ካላየሁ ላብራቶሪው ይነግረኛል።»

አዛዡ አንዴ የተሳሳተ እጅ ስለያዘ ሁለተኛ ማመንታት አልፈለገም። የሰውየውን ክንድ ጨብጦ ቁልፉን በጠሰው። ከአንጓው እስከ ክርኑ ድረስ በጥፍር የተቦጨሩ ረጃጅም ሰንበሮች፣ ከሥራቸውም ጨረቃ የመሰሉ የጥፍር ጫፍ ምልክቶች ታዩ። እነዚህ ቁስሎች አብጠው ቀልተዋል፤ የሕያው ሰው ቁስሎች ናቸው።

«አጎቴ!» አለች ልጅየዋ።

«አጎቴ አትበይኝ!» ጮኸ ሰውየው። «አባትሽ ትናንት ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ከነገ ጀምሮ የሥራ ቤቱ አለቃ ይሄ ነው አለኝ፤ ይሄ ባዳ! አንተ እጠፍ አለኝ፣ ላንተ የተሰጠህ ማጠፍ ነው አለኝ። ዕድሜዬን እዚህ እንፋሎት ውስጥ ቀቅዬ! እሱም ይሂድ፣ ይሄም ይታሰር አልኩ። ሁለቱም ይበቃቸዋል አልኩ!»

ካውያ ተኳሹ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ።

«እምቢ ብያቸው ነበር እኮ።»

«ምን?»

«ጋሼን። እምቢ አልኳቸው። የተጯጯህነው ለዚያ ነው። አለቃ ሁን አሉኝ፤ እኔ እናቴን ይዤ ከዚህ ልሄድ ነው አልኳቸው። ትገደዳለህ አሉ፤ ጮኽኩ። ቦታህን ማን ፈለገው? ለፖሊስም ነግሬያለሁ፤ የሰማኝ የለም።»

ወንድምየው አፉን ከፍቶ ቀረ። ቀስ ብሎ ካውያ መምቻው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ካቴናው ከአንዱ አንጓ ወጥቶ በሌላው አንጓ ሲገባ እንኳ ዐይኑን ከካውያ ተኳሹ ላይ አልነቀለም። ሁለት ፖሊሶች ደግፈው አስወጡት።

አዛዡ ወለሉን እያየ፣ «እንግዲህ… ነፃ ነህ» አለ።

«ይቅርታ የሚባል ነገር አለ» አለች ሐኪሟ።

«…ይቅርታ።»

ካውያ ተኳሹ ካቴናው የላጠውን አንጓውን እያሸ ወደ በሩ አየ። ሚስትየው ወደ እሱ ቀረብ አለች፤ ድምፅዋ ከቀኑ በጣም ተለውጧል።

«የኔ ወንድም፣ ነገ የሆቴሉ ጭነት አለ። አሁን ማን ቀረን? ቤቱን አንተ ያዝልን። እሱም የፈለገው ይህን ነበር።»

«አዎ፣ አባቴ ወዶህ ነው» አለች ልጅየዋ በጥድፊያ። «በጠየቅከው እንስማማለን።»

ሰውየው አያት።

«ይሰቀል ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«ተሳስቼ ነዋ! ማን ያውቃል?»

«የጠየቀኝ ሰው ያውቅ ነበር።»

ሽርጡን ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ሚስትየው እጅጌውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ ዞር አለላት። ሆስፒታሉ ጠያቂ የሚያስገባበት ሰዓት ሊያልቅ ምን ያህል እንደቀረው ሐኪሟን ጠየቃት። «ትደርሳለህ» አለችው።

ልጅየዋ ገና እየተናገረች ሳለ ወጣና በሩን ዘጋው።