አሥራ ሁለት ሰከንድ

ሳቁ ያለቦታው መጣ።

ሸራው ላይ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ወደ ሹፌሯ እየተራመደ ነበር። አባቷ ማረፉን ሊነግራት ነው። ቃጭል ፊልሙን አርባ ጊዜ ያህል አይታዋለች፤ እዚህ ቦታ ሲደርስ እስካሁን ሆዷ ይባባል። አዳራሹን የሞላው የየአገሩ ተመልካች ግን ከሐኪሙ እግር ሥር የወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቦ በሳቅ ፈነዳ። ጽሑፉ «አባባ፣ ወንድ ሹፌር ከፈለጉ እዚያ ማዶ አለልዎት፤ ጎማ እየቀየረ ነው» ይላል።

ይህ የአውቶቡሱ ረዳት ቀልድ ነው፤ መሪውን የያዘችው ሴት መሆኗን አይተው ለመሳፈር ላመነቱት ሽማግሌ የሰጣቸው መልስ። ረዳቱ ይህን ከተናገረ ግን አሥራ ሁለት ሰከንድ አልፎታል። ቃጭል አሥራ ሁለት መሆኑን ለማወቅ ሰዓት ማየት አላስፈለጋትም። 

ፊልሙ የታላቅ እህቷ ነው፤ ሦስት ዓመት ለፍታበታለች። ከሥር የሚወጣውን ትርጉም፣ ሰብታይትሉን፣ የሠራችው ደግሞ ቃጭል ናት። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው፤ ወሬዋ አያልቅም ብሎ ቃጭል ያላት አባቷ ነው፤ በትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የሚስተካከላት የለም። እያንዳንዱ ንግግር በስንት ደቂቃ ከስንት ሰከንድ ወጥቶ መቼ እንደሚጠፋ እየመዘገበች፣ አልጋዋ ላይ ላፕቶፕ ታቅፋ ሁለት ወር ከርማለች።

ከዚያ ፊልሙ «ተቆለፈ»። ኤዲተሮች እንዲህ ካሉ ከእንግዲህ አንድም ምስል አይነካም ማለት ነው። እህቷ ግን አላስቻላትም። ፊልሙ አሁን ለሚታይበት የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ሊላክ ሁለት ቀን ሲቀረው ኤዲተሩ ዘንድ ሄዳ «አንድ ቦታ ብቻ፣ በሞቴ!» ብላ ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ ባዶ መንገድ የሚታይበትን አሥራ ሁለት ሰከንድ አስቆረጠችው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ያለው ጽሑፍ ሁሉ በአሥራ ሁለት ሰከንድ ቀድሞ መውጣት ነበረበት። ቃጭል ላፕቶፑ ላይ ቁጥሩን ሞላች፣ «አስተካክል» የሚለውን ተጫነች፣ ፊልሙንም ከመጀመሪያው ከፍታ እስከ ሠላሳኛው ደቂቃ አየችው። ሁሉም ልክክ ብሏል። ከተቆረጠው ቦታ በፊት ያለው ድሮም ልክ ነው፤ እንዴት ይህ አልታያትም? ፈተና ነበረብኝ ማለት ትችላለች። እውነቱ ግን ፊልሙ ሰልችቷት ነበር፤ ጓደኞቿም በስልኳ ላይ ሲንጫጩ ነበር። እህቷ ደውላ «እስከ መጨረሻው አየሽው?» ስትላት፣ ዐይኗን በጨው ታጥባ «አዎ፣ እስከ መጨረሻው» አለች። አንድ ደቂቃ ብቻ ጨምራ ብታይ ኖሮ ኮምፒውተሩ ምንም እንዳላስተካከለ ታውቅ ነበር።

ከጎኗ የተቀመጠው ኤዲተር ጎንበስ ብሎ «ምን ጉድ ነው?» አላት። ቃጭል ተነስታ በጨለማው ደረጃውን ወጣች። የማሳያ ክፍሉ ጠባብና ሞቃት ነው፤ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ከማሽኑ አጠገብ ብርቱካን እየላጠ አገኘችው።

«ጋሼ፣ ጽሑፉን ያጥፉልኝ! ተዛብቷል!»

ሰውዬው በመስኮቷ አሻግሮ አየና ከንፈሩን መጠጠ። «እኔም ታዝቤያለሁ። ግን የኔ ልጅ፣ ፊልሙ ላይ ታትሞ ነው የመጣው። ማጥፊያ የለውም።»

«እሺ ያቁሙት!»

«አቁሜ ምን ላሳይ? ሌላ ቅጂ አላችሁ?»

ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም። ሰውዬው የብርቱካኑን ግማሽ ዘረጋላት። ሌላ የሚሰጣት ነገር እንደሌለው ከፊቱ ያስታውቃል። ቃጭል ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ገና ሃምሳ ደቂቃ ይቀራል።

እህቷ ይህን ፌስቲቫል እንዴት ትናፍቀው እንደነበር ቃጭል ታውቃለች። እራት ላይ ሌላ ወሬ አልነበራትም። «አገራችን ውስጥ ስንት ሲኒማ ቤት አለ? ሁለት ሳምንት ይታያል፣ ይወርዳል፣ በቃ። ፌስቲቫሉ ላይ ግን ከአሥር የአፍሪካ አገር ሰው እዚሁ ከተማችን ድረስ ይመጣል። አንዱ ፊልምሽን ለቴሌቪዥን ይገዛዋል፣ ሌላው የሚቀጥለውን አብረን እንሥራ ይልሻል፣ ዳኞቹ ከወደዱት ደግሞ ሌሎች ፌስቲቫሎች ራሳቸው ይጠሩሻል። ያለዚያ እኮ እየሠራን ለራሳችን ነው የምናጨበጭበው!» ትል ነበር።

ገዢዋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። ለስድስት አገር ቴሌቪዥኖች ፊልም የምትመርጥ፣ ነጭ ሻሽ ያሰረች ሴትዮ። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ እህቷን «እንዳለቀ ታች ካፌው ውስጥ እንገናኝ» ብላት ነበር። የፊልሙን ቋንቋ አትሰማም፤ ያለ ጽሑፉ አንዲት ቃል አይገባትም። ቃጭል ከሸራው ይልቅ ያንን ሻሽ ስታይ ቆየች። መጀመሪያ ሻሹ ወደ ጎን ዘመም አለ። ቀጥሎ የስልክ ብርሃን በራ። ቀብሩ ላይ ስለ ነዳጅ የሚያወራ ጽሑፍ ሲወጣና ከኋላ ያሉ ልጆች ሲንከተከቱ፣ ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንስታ ማንንም ላለመረበሽ ጎንበስ ብላ ወጣች። ቃጭል ሮጣ ቀሚሷን ብትይዛት ደስ ባላት። ይዛትስ ምን ትላታለች?

ፊልሙ አለቀ። ጭብጨባው ለይሉኝታ ያህል ነበር። መብራት በርቶ እህቷ መድረክ ላይ ወጣች፤ ለዛሬ ብላ የገዛችው ጫማ እንደሚያማት አረማመዷ ይናገራል። መድረክ መሪው ጥያቄ ጋበዘ፤ አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት ፈጥኖ ተነሳ።

«ንግግሩና ጽሑፉ እንዳይገጣጠሙ ማድረግሽ በጣም ተመችቶኛል። ሰው ከሰው እንደማይግባባ ለማሳየት ነው አይደል?»

እህቷ ፈገግ ለማለት ሞከረች።  «አይደለም። ስህተት ነው። ጽሑፉን ከፊልሙ ጋር ያገጣጠመው ኤዲተራችን ነው፤ እዚያ ጋ የተበላሸ ይመስለኛል። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሰው ሁሉ ዞር ዞር እያለ ኤዲተሩን ፈለገ። ኤዲተሩ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ እንኳ ድምፅ የማያሰማ ልጅ ነው። ሦስቱን ዓመት ከእህቷ እኩል ለፍቷል። ትናንት ከሌላ አገር የመጡ አንድ አንጋፋ ዳይሬክተር «ሥራህን ነገ አየዋለሁ፤ ከወደድኩት ቀጣዩን ፊልሜን አንተ ትቆርጥልኛለህ» ብለውት ስለነበር ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። አሁን ዳይሬክተሩ ከእነ ቃጭል ፊት ሁለት ረድፍ አለፍ ብለው ተቀምጠዋል። ዞረው አዩት፤ ከዚያ ፊታቸውን መለሱ።

«ሼም ነው» አለ ኤዲተሩ ጉልበቱን እያየ። «እኔ ነኝ ማለት ነው። ፋይሉን ሳወጣ የሆነ ነገር ነክቼ መሆን አለበት።»

«አንተ አይደለህም» አለችው ቃጭል በሹክሹክታ።

«አታጽናኚኝ፣ አቦ። አንቺማ እስከ መጨረሻው አይተሽዋል።»

ቃጭል መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዛሬ ቤት ገብተው፣ ሁሉ በርዶ፣ እህቷ ጫማዋን አውልቃ ስትቀመጥ ቀስ ብላ ልትነግራት ትችላለች። ያኔ ግን አንጋፋው ዳይሬክተር አይሰሙም፤ ነገ ወደ አገራቸው ይሳፈራሉ። ዛሬ ብትናገርም ገዢዋ ተመልሳ አትመጣም። ፊልሙም ለዚህ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታይበት ሌላ ቀን የለውም። የሦስት ዓመት ልፋት ውሃ በልቶታል፤ ያንን የምትመልስበት ምንም መንገድ የላትም።

«አንድ የመጨረሻ ጥያቄ» አለ መድረክ መሪው።

ቃጭል እጇን አነሳች። ማይክራፎን የያዘችው አስተናጋጅ በወንበሮቹ መሃል እየተሹለከለከች መጣችና ሰጠቻት። እህቷ ከመድረኩ ላይ አየቻት፤ ፊቷም ፈካ። ቢያንስ አንድ የራሷ ሰው ደግ ነገር ሊናገርላት መሆኑ ነው። «ትንሿ እህቴ ናት» አለች ለሰዉ።

ቃጭል ተነሳች። ማይኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እትዬ» አለች። ድምፅዋ በአዳራሹ ሁሉ አስተጋባ። «ጽሑፉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ሠላሳኛው ደቂቃ ነው ያየሁት።»