በግራ በኩል የሚተው ቦታ

አንዷለም ፎቶ ማንሣት የሚወዱ ሰዎችን ይዞ ወደ ገጠር በወጣ ቁጥር መኪና ውስጥ የሚሰጣቸው ምክር ያው አንድ ነበር። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ሰላም በሉ፤ ሰላም ካላችሁ በኋላ ተቀመጡ፤ የቀረበላችሁን ቅመሱ፤ ሰዎቹ መኖራችሁን ሲረሱ ያን ጊዜ አንሡ። የቀትር ፀሐይ ዓይን ሥር ጥላ ትጥላለችና ጠዋትንና አመሻሽን ጠብቁ፤ ብርሃን የሚጠብቅ ሰው ምሳውን ቀዝቅዞ መብላት መልመድ አለበት። የደጋ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፤ ትርፉን ባትሪ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ደረት ኪሳችሁ ውስጥ፣ ገላችሁ አጠገብ ያዙ። ሌንስ ላይ አቧራ ሲያርፍ በሸሚዝ ጫፍ አትፈትጉት፤ እፍ በሉበትና በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፎቶውን አመጣላችኋለሁ ብላችሁ ቃል ከገባችሁ አሳጥባችሁ ውሰዱላቸው፤ የሰው ፊት ይዞ የጠፋ እንግዳ ከሌባ አይሻልም።

ዘንድሮ መኪናው ውስጥ የሚመክረው ሰው አልነበረም። ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ የነበረው፣ አምና ከእንግዶች ጋር መጥቶ ቀይ አፋፍ በሚባል መንደር ያነሣቸውን ፎቶዎች የያዘ ካርቶን ብቻ ነው። ክረምቱን ሥራ ጥሎ፣ ጢሙን ሳይላጭ ቤቱ ተቀምጦ ነበር ያሳለፈው። በኅዳር ባለቤቱ ስንዱ ካርቶኑን ከቁም ሣጥን ላይ አውርዳ እግሩ ሥር አስቀመጠችና፣ ቃል የገባህላቸው ሰዎች እየጠበቁህ ነው፣ ተነሥና ሂድ አለችው። ይህን ስትለው ፊቱን አላየችም። የማንንም ፊት ማየት ከተወች ከርማለች።

ቀይ አፋፍ መንገዱ የሚያልቅበት የወሎ ደጋ መንደር ነው። ቤቶቹ ገደሉን ተከትለው ተደርድረዋል፤ ከጓሯቸው ባሻገር ምድር በድንገት ታበቃና እስከ ቆላው ድረስ ባዶ አየር ብቻ ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከቀትር በኋላ ግን ጉም ይመጣል፤ ጉሙም እንደ ሌላው አገር ከላይ አይወርድም፤ ከገደሉ ሥር ነው የሚወጣው፤ የእርጥብ አፈርና የከረመ ጭስ ሽታ ይዞ፣ ሳይቸኩል፣ መጀመሪያ አጥሩን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ በመጨረሻም ድምፅን እየዋጠ።

በእማማ ይመኙሻል ግቢ አረፈ። አምናም ያረፈው እዚያው ነበር። ሰው መጣ። ደርብ የሚባለው ረጅሙ ጎልማሳ ገና ከአጥሩ በር ሳያልፍ፣ ፊታችንን ዘርፈህ የት ገባህ፣ እኛ እኮ ያለ ፊት ስንት ወር ከረምን እያለ ያስቀው ጀመር። ቤት ያፈራው ቀረበ። አንዷለም ካርቶኑን ከፍቶ ፎቶውን ለየባለቤቱ አደለ፤ ሁሌም ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ሳቅና ጫጫታ ጠበቀ።

ደርብ የራሱን ፎቶ በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ከበቅሎው ጋር የተነሣው ነው።

«አንተ፣ የበቅሎዬን ጭራ የት አደረስከው?» አለና ለመሳቅ ሞከረ። ማንም አልተከተለውም። ሁሉም የየራሱን ፎቶ አንድ ጠርዝ በጣቱ እየዳበሰ ነበር።

አምና ሲያነሣቸው አንድ ነገር አስቸግሮት ነበር። ሁሉም ሲቀመጡ በግራቸው በኩል ቦታ ይተዋሉ። ባልና ሚስቱ አንድ ዳር ይጠጋሉ፣ ብቻውን ያለውም ድንጋዩ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ወደ መሐል ና ሲሉት እሺ ብሎ ይሥቃል፤ ቦታውን ግን አይነካም። አንዷለም ቤቱ ተመልሶ፣ ሙያውን የሚወድ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ፎቶዎቹን አስተካከለ፤ ምንም የሌለበትን ባዶ ጎን ከእያንዳንዱ ላይ ቆርጦ አሳጠባቸው። ጥሩ ሥራ የሠራ መስሎት ነበር።

እማማ ይመኙሻል የተቆረጠው የት እንዳለ ጠየቁት። ሙሉው ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዳለ፣ እንዳልጠፋ ነገራቸው። ትንፋሻቸው ተመለሰ። ሰዎቹ ግን ፎቶዎቹን ጋቢያቸው ሥር ሸጎጡ፤ የቀረበውን ሳይጨርሱ አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ። ደርብ መጨረሻ ቀረና ጎንበስ ብሎ፣ እንዳያሳፍረው በሚመስል ዝግ ያለ ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ሙሉውን አምጣልኝ። ባለቤቴ እዚያ ጋ ናት» አለው። የደርብ ሚስት ከሞተች ዓመታት እንዳለፉ አንዷለም አምና ሰምቷል።

ብቻውን ሲቀር ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ ከፈተ። ደርብና በቅሎው። የበቅሎዋ ጭራ። ከዚያ በደርብ ግራ በኩል ባዶው ቦታ። ያን ቀን ሰማዩ ሰማያዊ እንደነበር ያስታውሳል፤ ፎቶውም ላይ ደርብ ጥርት ባለ ፀሐይ ዓይኑን አጨንቁሯል። ባዶው ጎን ግን ጉም ነበር። አንድ ሰው ሊቆምበት የሚችለውን ያህል ስፋት ብቻ ያለው ጉም። ሌላ ፎቶ ከፈተ፤ ያው ነው። ሌላ ከፈተ፤ ከጉሙ ሥር፣ ሣሩ ላይ፣ የቀሚስ ጥለት የሚመስል ነገር አለ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አይቶ እያስተካከለ ሲቆርጥ የከረመ ሰው ነው፤ ይህ ቢኖር ኖሮ ያየው ነበር።

እማማ ይመኙሻል ከበሩ ቆመው ሲያዩት ቆይተዋል። ሳይጠይቃቸው ነገሩት። በእነሱ አገር ፎቶ የሚያነሣ ሰው ሲመጣ ለሄደ ሰው ቦታ ይተዋል። መምጣት ከፈለገ ይመጣል፤ አንዳንዱ ቶሎ፣ አንዳንዱ ቆይቶ፣ አንዳንዱም አይመጣም። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነበር።

አንዷለም እዚህ መንደር ለማንም ያልተናገረው ነገር ነበረው። ልጁ ልድያ በሐምሌ ሞታለች። ትኩሳት ነው ሲባል እሱ መንገድ ላይ ነበር፤ ሲደርስ ድንኳን ተተክሎ ጠበቀው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ የሰው ልጆች ሲሥቁ፣ ሲያለቅሱ፣ ሲያንቀላፉ አንሥቷል። የራሱን ልጅ የልድያን ፊት ግን አልያዘም፤ ካሜራውን ባነሣ ቁጥር ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና በጣቶቿ መሐል ትሥቅበት ነበር። ሌላ ቀን፣ ሌላ ቀን ሲል ቀረ። አሁን ማታ ማታ ዓይኑን ሲጨፍን የሚያየው እጆቿን ብቻ ነው። አንድ ፎቶ፣ ፊቷ ያለበት አንድ ፎቶ ቢኖረው ስንዱም ቀና ብላ ታየው ይመስለዋል።

የከተማ ልጅስ እዚህ ድረስ ትመጣለች ወይ ብሎ ጠየቀ።

ሴትዮዋ ገባቸው። መጀመሪያ እንደ ወጉ አለቀሱለት፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ላይ ቁጭ አሉና፣ ሳልደርስልህ፣ ሳላለቅስልህ እያሉ ጥቂት አነቡ። እንባቸውን ጠርገው ሲጨርሱ ግን የጠየቁት ስለ ልጅቷ ዕድሜ ወይም ሕመም አልነበረም።

«በማን ፎቶ ነው ያለቀሳችሁላት?»

ጥያቄው አልገባውም።

«የሄደ ሰው ሌላ ፊት የለውም ልጄ። ያ ሁሉ ሰው ስሟን ጠርቶ፣ ፎቶዋን ከፍ አድርጎ ደረቱን የመታበትን ፊት ይዞ ነው የሚመጣው። በራሷ ነው አይደል?»

ድንኳኑ ታየው። ለቅሶ ፎቶ ይፈልጋል፤ ቤት ውስጥ ፎቶ አልተገኘም፤ የስንዱ ወንድም ከትምህርት ቤት የክፍል ፎቶ ለምኖ ወደ ፎቶ ቤት ሮጠ፤ ከሁለተኛው ረድፍ፣ ከዳር ያለችውን አለ፤ ከየትኛው ዳር እንደሆነ ግን አላለም። አሳድገው በጥቁር ፍሬም ያመጡት የጎረቤታቸውን ልጅ የቤዛን ፊት ነበር። አንዷለም ቀና ሲል አስለቃሿ አንሥታዋለች፤ ከሩቅ የመጣው ዘመድ ሁሉ ልድያዬ እያለ በቤዛ ፊት ላይ ይወድቃል። ለቅሶ መሐል ተነሥቶ ቁሙ፣ ተሳስታችኋል የሚል ሰው የለም። የቤዛ እናት ነጠላዋን ተከናንባ ስትገባ በሕይወት ያለችውን የልጇን ፊት ከሰው ራስ በላይ አየች፤ ወደ ኋላዋ ተመልሳ ወጣች። በማግሥቱ ፎቶው ወረደ። ስለሱ ዳግመኛ ያወራ የለም።

«በራሷ ነው» አላቸው።

ከቀትር በኋላ ካሜራውን በማቆሚያው ላይ አድርጎ ገደሉ አጠገብ ተከለ። ለሌሎች የሚመክረውን ሁሉ አደረገ። ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ ጠረገ፣ ትርፉን ባትሪ ደረቱ ላይ አሞቀ፣ ካሜራው በራሱ ጊዜ እየጠበቀ እንዲያነሣ አዘጋጀው። ከዚያ ድንጋይ ላይ፣ ጫፉ ላይ፣ ተቀመጠ። በግራው ቦታ ተወ።

ጉሙ አጥሩን አልፎ መጣ። ጋቢው ከበደው፤ ቅንድቡ ላይ ጤዛ ተንጠባጠበ። ከብቶቹ ዝም አሉ፤ ቀጥሎ ወፎቹ፤ ከዚያ ካሜራው ብቻ ቀረ፤ ቀጭ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ቀጭ ይላል። ተነሥቶ ስክሪኑን አየ። እሱና ጉሙ ብቻ። ተመልሶ ተቀመጠ። ጠጠር ላይ የሚሄድ የፕላስቲክ ጫማ ድምፅ የሰማ መሰለው፤ ድምፁ ይመጣበት የነበረው ከአየሩ፣ ገደሉ ካለበት በኩል ነው። ዳግመኛ ተነሥቶ ስክሪኑን አየ። ሩቅ፣ ከገደሉ አፍ ባሻገር፣ ምድር በሌለበት፣ የደንብ ልብስ ሹራብ ሰማያዊ ቀለም ነበር። በሚቀጥለው ፎቶ ቀርቧል። ቁመቷ የልድያ ነው። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

እንባው ሳይታወቀው ወረደ። እሷ ናት። ማን እንዲህ ያደርጋል ከእሷ በቀር።

ደርብ ከጉሙ ውስጥ ደርሶ ትከሻውን ያዘው፤ ሲመጡ በዓይን አይፈለጉም፣ ቤትህ ሄደህ ነው የምታየው፣ እንሂድ አለው። ቀልድ የሚባል ነገር ድምፁ ውስጥ አልነበረም። አንዷለም የደርብን እጅ ከትከሻው አንሥቶ ተመልሶ ተቀመጠ። አሁን ሽታም አለ። እርጥብ ሹራብ፣ ጠመኔ፣ የጥቁር አዝሙድ የፀጉር ቅባት። ስንዱ የልድያን ፀጉር በቫዝሊን እንጂ በሌላ ነገር ቀብታው አታውቅም። ይህን አስታውሶ ተወው። ጉም ሽታ ይቀላቅላል አለ ለራሱ።

ካሜራው ቀጭ አለ። ድንጋዩ በግራው በኩል ሰው እንደተቀመጠበት ቀስ ብሎ ተነቃነቀ።

ወደ ግራው ለማየት አንገቱ እምቢ አለው። ተነሥቶ፣ ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ፣ ወደ ካሜራው ሄደ። የመጨረሻው ፎቶ ላይ እሱ ተቀምጧል። አጠገቡ፣ ሹራቧ ክንዱን ነክቶ፣ ልጅቷ ተቀምጣለች። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው። ፊቷ ጥርት ብሏል፤ እሱ ካነሣቸው ፊቶች ሁሉ ይልቅ ጥርት ብሏል። የቤዛ ፊት ነበር፤ ድንኳኑ ውስጥ ከፍ ተደርጎ የነበረው፣ አንዱ ዓይን ትንሽ የተከደነ፣ ፈገግታው ያልተጨረሰ።

እማማ ይመኙሻልን ጮኾ ጠራ። ከጓሯቸው አጥር ወዲህ አልመጡም። መልሽልኝ፣ እንዴት ነው የሚመለሰው ብሎ ጠየቃቸው፤ ሰላም ማለት እንኳ የማይረሳው ሰው አንቱታውን ረስቶ ነበር። ድምፃቸው በጉሙ ውስጥ ደክሞ ደረሰው። ቦታ የተሰጠው አይነሣም አሉት። ፊቷ የተለቀሰበት ወደዚህ ትመጣለች፤ ያልተለቀሰላትም ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ባትሪውን ከካሜራው አወጣ። ጣቶቹ ደንዝዘው ወደቀበት፤ ሲፈልገው አላገኘውም። በዚያ ጉም ውስጥ ስልኩ ጠራ። ስንዱ ናት። እያንሾካሾከች ነበር፤ ድምፅዋ ግን ከሐምሌ ወዲህ ያልሰማው ድምፅ ነው፤ ሙቀት አለው።

«አንዱዬ፣ ቤዛ እኛ ቤት መጣች» አለችው። «ፊቷን ሸፍና በር ላይ ቆመች። እማዬ አለችኝ። የልድያ አልጋ ወዴት እንደሆነ ሳላሳያት ሄዳ ተኛችበት።»

ከስንዱ ጀርባ አንድ ሰው የብረት በር ይደበድባል። ሴት ናት፤ የልጇን ስም እየጠራች ነው።

በሩን ቆልፌዋለሁ፣ የት ሆነህ ምን እንዳደረግህ አልጠይቅህም፣ ብቻ አትመልሳት አለችው ስንዱ። ስልኩ ተዘጋ። ከቀረው ዝምታ ውስጥ የሚሰማው ጠጠር ላይ ወደሱ የሚመጣ የፕላስቲክ ጫማ ነበር፤ መጥቶ በግራው በኩል ቆመ።

አንዲት ቀዝቃዛ ትንሽ እጅ ጣቱን ያዘችና፣ «የልድያ አባት» አለችው፣ «እናቴ ጋ ውሰደኝ።»