ያልሞላው በርሜል

«ታዲያ የጎደለውን ማን ሞላው?»

ማርጎ ጥያቄውን እንደገና አነበበች። እናቷ ጆርጀት የእርሳሷን ጫፍ ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ትጠብቃታለች። ጥያቄው አጭር ነው፦ 7.8ን ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር አጠጋጊ። ጆርጀት ቀስ ብላ፣ ተጠንቅቃ፣ 7 ብላ ጽፋለች።

«ስምንት ነው እማ» አለች ማርጎ እንደገና። «ከነጥቡ በኋላ ያለው አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ላይ ይወጣል። በቃ፣ ሕግ ነው።»

«ሕጉንማ ሰማሁሽ። እኔ የምልሽ ሌላ ነው። ሰባቱ ሙሉ ናቸው፣ ስምንተኛው ጎደሎ ነው። አንቺ ስምንት ስትዪ የጎደለውን ማን ሞላው?»

«ማንም!»

«እንግዲያው ሰባት ነው።»

ማርጎ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። በስምንተኛ ክፍል በሒሳብ የሚበልጣት የለም። «ስንት ነው?» ሲሏት ትመልሳለች። «ለምን?» ብሎ የጠየቃት ሰው ግን እስከዛሬ አልነበረም።

«በልጅነቴ ድንች ስንለቅም» አለች ጆርጀት፣ «በርሜሉ አፉ ድረስ ሲሞላ ቁጥርሽ ያለበትን ቲኬት ከላይ ታደርጊበታለሽ። መኪናው ይመጣል። በርሜሉ ከጎደለ ሹፌሩ ቲኬትሽን አንስቶ አፈሩ ላይ ይጥልልሻል። አንድ ቅርጫት ቢጎድልም ያው ነው። ያልሞላ በርሜል በርሜል አይደለም።»

«ይሄ ግን ድንች አይደለም እማ!»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለች ጆርጀት። ሰባቱን ግን አልሰረዘችውም።

ጆርጀት ትምህርት ያቋረጠችው በማርጎ ዕድሜ ነው። በሚኖሩበት በአሜሪካ፣ በሜይን ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ትምህርት ቤቱ በበጋው ማብቂያ ይከፈትና ድንቹ ሲደርስ እንደገና ይዘጋል፤ ልጆቹም ወደ ማሳ ይወርዳሉ። ጆርጀት አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት ለመከር ወጣች፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አልተመለሰችም። የከለከላት አልነበረም። የጠራትም አልነበረም። መጋዘን ውስጥ ድንች ስትለይ በረዶው ወረደ፣ በረዶው ቀለጠ፤ ከዚያ ዓመታቱ ተከታትለው ሄዱ።

አሁን በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። የምትፈልገው ግን አንሶላው ላይ ከሚተኙት ሰዎች ጋር መሆን ነው፤ ማጉረስ፣ ማስነሳት፣ ፀጉራቸውን ማበጠር። ለዚያ ሥልጠና ይሰጣሉ፣ ሥልጠናው ደግሞ የሁለተኛ ደረጃን ማጠናቀቂያ ፈተና ያለፈ ሰው ይጠይቃል። ንባቡን አልፋለች። ጽሕፈቱንም አልፋለች። የቀራት ሒሳብ ነው።

የትልልቅ ሰዎች ትምህርት የሚሰጠው ማክሰኞና ሐሙስ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ በዚያው በማርጎ ክፍል ነው። መምህሩም ያው የማርጎ የሒሳብ መምህር ሚስተር ሃስኬል ናቸው። ጆርጀት የምትቀመጠው መስኮቱ ጥግ፣ ማርጎ ቀን ቀን በምትቀመጥበት ወንበር ላይ ነው። አስፈቅዳ ነው ያደረገችው። «እዚያ ስቀመጥ ካንቺ ጭንቅላት ትንሽ የሚጋባብኝ ይመስለኛል» ብላ።

የክፍሉ የኋላ ግድግዳ ሙሉውን የቃላት ነው። ድምር፣ ልዩነት፣ ብዜት፣ ድርሻ፣ ቀሪ፣ አማካይ፣ ትይዩ፣ ዙሪያ። እያንዳንዱ ተማሪ የደረሰውን ቃል ካርድ ላይ ይጽፋል፣ ትርጉሙን በራሱ አነጋገር ያስቀምጣል፣ ይለጥፋል። ሚስተር ሃስኬል ለትልልቆቹም ካርድ ሰጥተዋቸዋል። «እዚህ ክፍል ወንበር ያለው ሁሉ ግድግዳ አለው» ይላሉ። ስም አይጻፍም።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ መምህሩ ገና ሳይገቡ፣ ብሪን ሚሾ ግድግዳው ሥር ቆማ ጮኸች።

«ኧረ ኑ እዩ! ‹ማጠጋጋት፦ ያልሞላ በርሜል ዜሮ ነው።› ሥዕልም አለው እኮ! ይሄ በርሜል ነው ወይስ ጥርሱ የወለቀ ሰውዬ?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ማርጎ ከወንበሯ ሳትነሳ ነው ጽሑፉን ያወቀችው። ፊደሎቹ ነፋስ የገፋቸው ይመስል ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ። በምሳ ዕቃዋ ውስጥ በየጠዋቱ የምታገኛቸው ናቸው። «ጃኬትሽን አትርሺ።» «ፖሙን ብዪው፣ ይዘሽው አትመለሺ።»

«የማን ነው በናትሽ?» አለች ብሪን ወደ እሷ ዞራ። «ያ ከትልልቆቹ ጋር የሚማረው የጭነት መኪና ሹፌር፣ አርማንድ፣ የሱ ይሆን?»

ማርጎና ብሪን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። ብሪን ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የሚያስቅ ነገር ካየች ግን ማለፍ አትችልም። ሁሉም ማርጎን አዩ።

«ይሆናል» አለች ማርጎ። ሳቀችም። ትንሽ ሳቅ ነበረች።

«ደግሞ ስህተት ነው። ማጠጋጋት ያንቺ ቃል አልነበር? ያንቺ የታለ?»

የማርጎ ካርድ ከጎኑ ነበር፤ በገዢ ተሰምሮ፣ በጥቁር ቀለም ተጽፎ። ብሪን ነቅላ ሰጠቻት። «ከላዩ ላይ ለጥፊው። ሰው እንዳይሳሳት።»

ማርጎ ለጠፈችው። በርሜሉ ተሸፈነ።

በማግስቱ ማክሰኞ፣ ጆርጀት ከትምህርት ስትመለስ ማርጎ ሾርባ ታሞቅ ነበር። ጆርጀት ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ኮቷን ሰቀለች፣ እጇን ታጠበች። ከወትሮው ቆየች።

«የእጅ ጽሑፍሽ እንዴት ያምራል» አለች በመጨረሻ።

ሳህኖቹንም አወረደች። ማርጎም ማንኪያውን ድስቱ ውስጥ ማማሰል አላቆመችም። በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤቱ ለመከር ተዘጋ።

አብዛኛው ገበሬ አሁን የሚሰበስበው በማሽን ነው። አዛውንቱ ሚስተር ላቮዋ ግን ለዘር የሚሆነውን ድንች ዛሬም በእጅ ያስለቅማሉ። ጆርጀት ፈቃድ ወስዳ ማርጎን ይዛ ሄደች፤ ብሪንም ከጎናቸው ያለውን ድርሻ ያዘች። ጠዋት ጠዋት አፈሩ አመዳይ ለብሶ ጣት ያቆራምዳል። ትራክተሩ መደዳውን ገልብጦ ሲያልፍ ድንቹ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ እነሱም ጎንበስ ብለው ቅርጫታቸውን ይሞላሉ፣ በርሜሉ ውስጥ ይገለብጣሉ፣ ይመለሳሉ።

«ጓንትሽን አድርጊ» ትላለች ጆርጀት።

«አድርጌያለሁ እማ።»

«ሌላኛውንም።»

በሁለተኛው ሳምንት፣ ለምሳ ቅርጫታቸውን ገልብጠው ተቀምጠው፣ ፕሎይ የሚሉትን ስስ ቂጣ ቅቤ ቀብተው ጠቅልለው እየበሉ ሳለ ጆርጀት እንዲህ አለች፦ «ላቮዋ በረዶው እስኪያልፍ መጋዘን ውስጥ ሥሪልኝ ብሎኛል። ከአንሶላው በኋላ፣ ከሰዓት።»

ማርጎ ማላመጧን አቆመች። «ማክሰኞና ሐሙስስ?»

«በየቀኑ ነው።»

«ትምህርቱስ?»

ጆርጀት እጇ ላይ ያለውን ፍርፋሪ አራገፈች። «አላውቅም የኔ ልጅ። ምናልባት ለሒሳብ የተፈጠርኩ አይደለሁም። ሰው ሲደክመው ይታወቀዋል አይደል? እስኪ አየዋለሁ።»

ማርጎ ይህን ታሪክ ታውቀዋለች። ማሳው ያው ነው፣ መጋዘኑም ያው ነው። የከለከላት አልነበረም፤ የጠራትም አልነበረም። አሁን ግን ግድግዳው ላይ የእናቷን ካርድ የሸፈነው የሷ የማርጎ እጅ ነው። የቀረውን ፕሎይ ወደ ምሳ ዕቃው መለሰችው።

ከምሳ በኋላ ወደ መደዳው ተመለሱ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የላቮዋ ልጅ ሬጂ በርሜል የሚያነሳውን መኪና እየነዳ በመደዳው ጫፍ አለፈ። ሳይወርድ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ሚስስ ቲቦዶ! የዛሬ መጨረሻዬ ነው፣ መኪናው ሊሞላብኝ ነው። ለእናንተ የስንት በርሜል ቦታ ልተው?»

ጆርጀት ቀና ብላ መደዳውን አየች። ሰባቱ ሞልተው ቲኬት ተደርጎባቸዋል። ስምንተኛው ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል።

«ስምንት!» አለች።

ሬጂ እጁን አውጥቶ አወዛወዘና አለፈ።

«እማ!» ማርጎ ቅርጫቷን ጣለች። «ምን አልሽው?»

«ምን አልኩት? ስምንት አልኩት። ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ቆረጠሽ?»

«ስምንተኛው አልሞላም እኮ!»

«እና በርሜሉን ሜዳ ላይ ጥሎት ሊሄድልሽ ነው? ቦታ ይይዛል አይደል?»

«ለምን ሰባት አላልሽውም?»

«ሰባት ብለው ይሄን የት ይጭነዋል? ባዶ ቢሆን ኖሮ ሰባት እል ነበር። አሁን ግን እዪው፣ ለስምንት...» ጆርጀት ቆመች። አንድ ድንች በእጇ እንደያዘች በርሜሉን አየችው። ልጇን አየቻት። እንደገና በርሜሉን አየችው።

«ለስምንት ይቀርባል» አለች ማርጎ።

«ይቀርባል» አለች ጆርጀት ቀስ ብላ።

«ማንም አልሞላውም እማ። የሞላሽው አንቺ አይደለሽም፣ እኔም አይደለሁም። የሚቀርበውን ነው የተናገርሽው። ለቲኬቱ ሰባት፣ ለመኪናው ስምንት።» ማርጎ ራሷም አሁን ነው የገባት፤ አፏ ከሐሳቧ ቀድሞ ይሮጣል። «ጥያቄው ‹ስንት ሞላ› ቢል ኖሮ ሰባት ብለሽ ልክ ነበርሽ። ጥያቄው ግን ‹የቱ ይቀርባል› ነው የሚለው!»

«ታዲያ ይሄን ያን ጊዜ አትነግሪኝም ነበር?»

«ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር።»

ጆርጀት ሳቀች፤ በጭቃ እጇ አፏን ልትሸፍን ስትል አፍንጫዋ ጠቆረ። ማርጎ ግን አልሳቀችም።

«እማ። ካርድሽን የሸፈንኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ጽሑፍሽን አጥቼው ነው?»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ያንቺ ልክ ነበራ። የኔ ስህተት ነበር።»

«እሱን አይደለም። ብሪን ስትስቅ እኔም ሳቅሁ። የማን ነው ስትለኝ የአርማንድ ይሆናል አልኩ።»

ጆርጀት ጎንበስ ብላ ድንች አነሳች፣ ሌላም አነሳች። አፈሩን በአውራ ጣቷ ጠረገችለት።

«ሳቅሽ?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ስትዪ» አለች ጆርጀት ቀና ሳትል፣ «ወደ ምን ይጠጋጋል?»

ማርጎ ዓይኗን እንባ ሞላው። «ወደ ሙሉ» አለች።

«በይ እሺ። አሁን ነይ ይሄን በርሜል እንጨርሰው፣ ቲኬታችን አፈር ላይ ሳይወድቅ።» በክንዷ የልጇን ትከሻ ገፋ አደረገቻት። «ደግሞ አፍንጫሽን ጥረጊ፣ ይበርድሻል።»

«እናንተ ቅድም ምን ነበር ያሳቃችሁ?» ብላ ብሪን ከድርሻዋ ጮኸች። «ለኔም ንገሩኝ እንጂ!»

ማርጎ እናቷን አየች። ጆርጀት ድንቹን ጠርጋ በርሜሉ ውስጥ ጣለችው።

«ብሪን» አለች ማርጎ፣ «ያ ካርድ፣ በርሜል ያለበት። የአርማንድ አይደለም።»

«እና የማን ነው?»

«የናቴ ነው። ያኔም አውቅ ነበር።»

ብሪን ቅርጫቷን እንደታቀፈች ቀረች። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «ሚስስ ቲቦዶ... እኔ... ሥዕሉ እኮ ያን ያህል አይከፋም።»

«ኧረ ተይኝ» አለች ጆርጀት። «እኔ ራሴ ሳየው ጥርስ የሌለው ሰውዬ ነው የመሰለኝ።»

ብሪን አንዴ ማርጎን፣ አንዴ ጆርጀትን አየች። ከዚያ የያዘችውን ቅርጫት ይዛ መጣችና ስምንተኛው በርሜል ውስጥ ገለበጠችው። በርሜሉ እስከ አፉ ደረሰ።

ስለ መጋዘኑ ግን ጆርጀት አንድም ቃል አላነሳችም፣ ማርጎም ለመጠየቅ ፈራች።

ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት ሰኞ ማርጎ ከሁሉም ቀድማ ገባች። ካርዷን ከግድግዳው ነቀለች። ከሥሩ በርሜሉ ወጣ፤ የማጣበቂያው ፕላስተር አንዱን ጥግ ልጦታል። በጣቷ አስተካከለችው። ከጎኑ አዲስ ካርድ ለጠፈች፣ በገዢ ያልተሰመረ፦ «ማጠጋጋት፦ የቱ እንደሚቀርብ መናገር። ለቲኬቱ ሰባት፣ ለመኪናው ስምንት።»

ሚስተር ሃስኬል ሲኒያቸውን ይዘው ከኋላዋ ቆሙ። ሁለቱንም ካርድ አነበቡ፣ ጊዜ ወስደው።

«የቱን ላስተምር?» አሏት።

«ሁለቱንም ቢያነቡላቸው ጥሩ ነው።»

ማክሰኞ የመጨረሻው ደወል ሲደወል ብሪን ቦርሳዋን አነሳች። «አትመጪም? አውቶቡሱ ይሄድብሻል።»

«እቆያለሁ።»

«ትመጣለች ብለሽ ነው?»

«አላውቅም» አለች ማርጎ። ወንበሯን ለቅቃ፣ ከጎኑ ያለውን ስባ ተቀመጠች።

ብሪን በአውቶቡሱ ሄደች። አርማንድ ድንች ጭኖ ወደ ደቡብ ወርዷል፤ አልመጣም። ከትልልቆቹ ተማሪዎች ሁልጊዜ ከፊት የሚቀመጡት የፔልቲየር እህትማማቾች መጋዘኑን መረጡ። ጆርጀት አንሶላ አንሶላ እየሸተተች፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ መስኮቱ ጥግ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።